ፈቃድ የሚሸፍነው የተናገርነውን ብቻ ነው

 

የዛሬው ጉዳያችን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ ጫማችሁን እየፈለጋችሁ የምታወሩት ነው። ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ቁልቁለት ይዞ ወደ አዲስ አበባ በሚገባው ታክሲ ውስጥም በየቀኑ ይወራል። «እገሌ ቪዛ ተመታለት»፣ «እሷ ተከለከለች»፣ «እሱ'ኮ ሊማር ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ»። ለትምህርትም ለሥራም በየማለዳው ወደ ሌላ ከተማ መመላለስ የለመደ ወጣት፣ መንገዱን ትንሽ አርቆ ቢያስብ አይገርምም።

ከወሬው ሥር ግን ብዙዎቻችሁ ለብቻችሁ የምትታገሉት ጥያቄ አለ። ኤምባሲው «ስትጨርስ ትመለሳለህ?» ይላል። ልብ ደግሞ «ከሄድኩ በቃ፣ አልመለስም» ብሏል። ታዲያ አፍ ምን ይበል? «እመለሳለሁ» ብሎ ቪዛውን መቀበል ብልሃት ነው ወይስ ውሸት? እዚያው የመቅረት ዕቅድ ይዞ የትምህርት ፈቃድ መጠየቅስ ይቻላል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ውጭ አገር ለመማር መመኘት ወንጀል አይደለም። ነገን ማቀድም ወንጀል አይደለም፤ ሙስሊም ግመሉን አስሮ የሚመካ እንጂ ፈትቶ የሚመካ አይደለም። ሙስሊም ባልሆነ አገር መኖርን በተመለከተ ዑለማዎች በስፋት ተወያይተዋል፤ እህቶች ብቻቸውን የሚያደርጉትን ጉዞ በተመለከተም እንዲሁ። እነዚህን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። የዛሬው ጥያቄያችን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፤ ፈቃድ ስንጠይቅ ለጠየቅነው ሰው ስለምንነግረው ነገር ነው።

ፈቃድ የሚጠየቅባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤምባሲው ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ነው፤ እናትና አባት። በሁለቱም በር የሚሠራው ሕግ አንድ ነው። ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ለሰማው ነገር ነው። ጎረቤታችሁ «ለሁለት ቀን አውሰኝ» ብሎ መሰላላችሁን ቢወስድና በልቡ «አልመልስም» ብሎ ቢሆን፣ የእናንተ እሺታ መሰላሉን የእሱ አላደረገለትም። እሺ ያላችሁት ለሁለት ቀን ነዋ! ፈቃድ የሚሸፍነው የተናገርነውን ብቻ ነው፤ የደበቅነው ከፈቃዱ ውጭ ይቀራል።

በዚህ ላይ ስለ ኒያ የተነገረውን ዝነኛ ሐዲስ አስታውሱ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ኢማሙል ቡኻሪ መጽሐፋቸውን የጀመሩበት ሐዲስ ነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን የምንረሳው ነገር አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ሲያስተምሩ ለምሳሌ ያነሱት ጾምን አይደለም፣ ሶላትንም አይደለም። ስደትን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ ከተማ ይሄዳሉ፤ በአላህ ዘንድ ግን የሁለቱ ጉዞ አንድ አይደለም። አገር ለቆ መሄድ ኒያ የሚፈተንበት ቦታ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ነገሩን መሬት እናውርደው። ሦስት ወጣቶችን እናስብ፤ አንዱ ከሰበታ፣ አንዷ ከቡራዩ፣ አንዱ ከሱሉልታ።

የሰበታው ወጣት አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት አግኝቷል። ሴቪስ ለሚባለው ምዝገባ 350 ዶላር መክፈል አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ 20,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ35,000 ብር በላይ ሆነ። ይህን ከፍሎ፣ የቪዛውን ክፍያ ጨምሮ፣ መስኮቱ ፊት የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚህ መስኮት ላይ ጠንካራ ነው። ጠያቂው ሁሉ «ሊቀር የመጣ ነው» ተብሎ ይገመታል፤ እንደዚያ አለመሆኑን የማሳመን ሸክም በራሱ በተማሪው ላይ ነው። ተማሪው የማይተወው መኖሪያ በአገሩ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል።

ልብ በሉ፤ መኮንኑ የሚጠይቀው የዛሬ ሐሳቡን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን መማል አይጠበቅበትም። ሕጉ ራሱም በኋላ የሚከፈቱ በሮች አሉት። ተማሪው ሲመረቅ በሙያው 12 ወር መሥራት የሚያስችል ፈቃድ አለ፤ ትምህርቱ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስና ወይም የሒሳብ ከሆነ 24 ወር ሊጨመር ይችላል። አሠሪ አግኝቶ ኤች ዋን ቢ ወደሚባለው የሥራ ቪዛ ከተዛወረ ደግሞ ቋሚ ነዋሪነት መፈለጉ ከቪዛው ጋር አይጋጭም። ስለዚህ «ተምሬ እመለሳለሁ፣ የምሠራውም ይህን ነው» ብሎ ከልቡ ተናግሮ፣ በኋላ በሕጋዊ መንገድ ሌላ በር የተከፈተለት ሰው ዋሽቷል አይባልም። ትምህርቱን ገና ሳይጀምር ጥሎ ሊጠፋ ወስኖ «እመለሳለሁ» ያለው ግን ዋሽቷል። ሁለቱ በመስኮቱ ፊት የተናገሩት ቃል አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ባለቤቱም ያውቀዋል።

የቡራዩዋ እህት ደግሞ ወደ ካናዳ ነው። የካናዳ ሕግ በዚህ ጉዳይ ከአሜሪካው ይለያል። አንድ ሰው ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን መፈለጉ በራሱ የጊዜያዊ ፈቃድ መከልከያ እንደማይሆን ሕጉ በግልጽ ያስቀምጣል። የሚጠይቃት «ፈቃድሽ ሲያልቅና ሌላ ሕጋዊ መንገድ ካላገኘሽ ትወጫለሽ?» የሚለውን ነው። ስትመረቅ እንደ ትምህርቷ ርዝማኔ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ የሥራ ፈቃድ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሁሉም ኮሌጅና ሁሉም የትምህርት ዓይነት ግን ለዚህ አያበቃም። ከመክፈሏ በፊት ይህን ማጣራት አለባት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። ሕጉ እውነቱን እንድትናገር ቦታ ሰጥቷት ሳለ፣ ደላላው ውሸት ይጽፍላታል። «የአባቴን ድርጅት ልረከብ እመለሳለሁ» የሚል ደብዳቤ። አባቷ ድርጅት የላቸውም! ከዚያ ገንዘቡ ይመጣል። ለአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ተብሎ በአካውንት መታየት ያለበት ገንዘብ ለረጅም ዓመታት 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር፤ በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ወደ 20,635 ከፍ አለ፣ ከዚያም ጨምሯል። ይህን ማሟላት ሲያቅት ከነጋዴ ለጥቂት ወር ብር ተውሶ አካውንት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ስቴትመንቱን ማውጣት፣ ብሩን መመለስ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይባላል። ሁሉም ቢያደርገውም ያ ወረቀት የሚለው «ይህ ገንዘብ የእኔ ነው» ነው፤ የእሷ ደግሞ አይደለም። በዱንያውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ካናዳ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች፤ በአሜሪካ ደግሞ ሆን ብሎ በማታለል የተገኘ ሰው እገዳው የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ደላላው ኮሚሽኑን ወስዶ ሌላ ደንበኛ ይፈልጋል፤ ስሙ የተበላሸው ግን የእሷ ነው።

የሱሉልታው ወንድም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ተመልሶ ሊያገለግል ውል ፈርሟል፤ ዋስም አስፈርሟል። ዋሱ ምናልባት አጎቱ ነው፣ ምናልባት አብሮት የሚያስተምር ጓደኛው። አንዳንድ ስኮላርሺፖችም የራሳቸው ግዴታ አላቸው፤ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ተማሪው ሲጨርስ ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ይጠይቃል።

ይህ ከሁለቱ ይከብዳል። የሰበታው ወንድም የተጠየቀው ሐሳቡን ነው፤ የሱሉልታው ግን ቃል ገብቷል። ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል፤ ውል ግን ወይ ይፈጸማል ወይ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ ይፈታል። እሱ ሳይነጋገር ቢቀር በር የሚንኳኳው ዋሱ ቤት ነው። የአጎቱ ደመወዝ ይቆረጣል፤ የአጎቱ ልጆች ዳቦ ይቀንሳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሟች ላይ ራሳቸው ሶላተል ጀናዛ ከማሰገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲወስዱ ነው ያሰገዱት። ዋስነት በዲናችን ይህን ያህል ከባድ ነው። ሰው እናንተን አምኖ የፈረመባትን ወረቀት የአውሮፕላን ትኬት አታድርጓት። መቅረት ግድ ከሆነ፣ ውሉ በገንዘብ የሚተካ ከሆነም፣ የመጀመሪያው ደመወዝ የሚሄደው ዋሱን ነፃ ለማውጣት ነው። ከመኪና በፊት፣ ከሠርግ በፊት።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ615 (እ.ኤ.አ.) ገደማ መካ ላይ መከራ የጸናባቸው ሶሐቦች ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ይህን ታሪክ የምንወደው ለነጃሺ ፍትሕ ነው፤ ልክ ነን። ግን እስቲ ከሌላው ወገን፣ ከፈቃድ ጠያቂዎቹ ወገን እንየው። ቁረይሾች መልእክተኞችን ከስጦታ ጋር ልከው እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቆሙ። በማግስቱ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ መጣ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ምን ትላላችሁ? ክርስቲያን ንጉሥ ነው የሚጠይቀው። የተሳሳተ መልስ ማለት በሰንሰለት ወደ መካ መመለስ ሊሆን ይችላል። ሴቶችም አብረዋቸው አሉ። ተማከሩ። ለንጉሡ የሚጥም ቃል ፈልገው ማለስለስ ይችሉ ነበር፤ የወሰኑት ግን የመጣው ይምጣ ብለው ያመኑትን እንዳለ መናገር ነበር። ተናገሩም። ንጉሡም ስጦታውን መልሶ እነሱን አስቀመጣቸው።

እውነት የተናገረ ሁሉ ቪዛ ያገኛል ማለታችን አይደለም። እውነት ተናግሮ የሚከለከል አለ፣ ዋሽቶ የሚያልፍም አለ። ሶሐቦቹ ሲናገሩ ንጉሡ እንደሚቀበላቸው አያውቁም ነበር፤ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። የእኛ ድርሻ ቃሉ ነው፣ ሪዝቁ የአላህ ነው። ደግሞም ከእነሱ አንዳንዶቹ ቶሎ ተመለሱ፤ ጃዕፈርና አብረዋቸው የነበሩት ግን በሂጅራ 7ኛው ዓመት ነው መዲና የገቡት። ከአሥር ዓመት በላይ በሰው አገር ኖሩ ማለት ነው። መቆየታቸው ነውር አልሆነባቸውም፤ በእንግድነታቸው ታማኝ ነበሩና።

እዚህ ላይ «ግን'ኮ...» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባናል። እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንለፋቸው።

«ሥርዓቱ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም። የአውሮፓ ልጅ ፓስፖርቱን ይዞ እንደፈለገ ይመጣል፤ እኔ የአባቴን የቤት ካርታ ጭምር ተሸክሜ እለመናለሁ።» እውነት ነው፣ ያማል። ነገር ግን የተዛባ ሚዛን ያለው ነጋዴ ስለገጠመን የእኛን ሚዛን ማዛባት አይፈቀድልንም። የአገሩን ደንብ መተቸት ትችላላችሁ፤ ደንቡን አምኛለሁ ብላችሁ ፈርማችሁ መካድ ግን ሌላ ነው። ቀደምት ፉቀሃዎች በሰው አገር በ«አማን»፣ ማለትም በተሰጠው የደህንነት ቃል የገባ ሙስሊም ያንን ቃል መክዳት እንደማይፈቀድለት ጽፈዋል፤ የዘመናችን ብዙ ዑለማዎችም ቪዛን የሚያዩት እንዲሁ ነው።

«ለእነሱ መዋሸት ምን ችግር አለው? ሙስሊም አይደሉ።» ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው የተነሱት ሰዎች ያስቀመጡት ንብረት እጃቸው ላይ ነበር። ዐሊን (ረ.ዐ) ወደኋላ ያስቀሩት አንዱ ምክንያት ያንን አማና ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ነው። በታሪካችን ትልቁ ስደት የተጀመረው የጠላትን አደራ እየመለሱ ነው።

«ኢንሻአላህ እመለሳለሁ እላለሁ፤ ኢንሻአላህ ካልኩ አልዋሸሁም።» ይህቺ በጣም የተለመደች ናት። ኢንሻአላህ የሚባለው ልናደርገው ላሰብነው ነገር ነው። ላናደርገው በወሰንነው ነገር ላይ የአላህን ስም መሸፈኛ ማድረግ ከውሸቱ ላይ ሌላ ጥፋት መደረብ ነው። ዑለማዎች ሁለት ትርጉም ያለው ንግግርን በችግር ጊዜ መጠቀም እንደሚቻል ቢናገሩም፣ የሌላን ሰው ሐቅ ለመውሰድ ሲሆን ግን አልፈቀዱም።

«አገር ቤት ሥራ የለም፣ ተቸግሬያለሁ።» ችግራችሁን አናቃልልም። ዲግሪ ይዞ በአባቱ ሱቅ የሚቀመጥ፣ በፋብሪካ በር በቀን ሥራ የሚሰለፍ ወጣት በሰበታም በቡራዩም አለ። ግን ዶሩራ የሚባለው የሞት አፋፍ እንጂ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ አይደለም። የተሻለ ኑሮ መፈለግ ሐላል ነው፤ ስለዚህ ሐላል በር ይገባዋል። ልቡ ሙሉ በሙሉ ለመኖር የወሰነ ሰው «አልኖርም» በሉ የሚለውን በር ትቶ፣ ልኖር ነው ብሎ የሚገባበትን በር ይፈልግ። በዲቪ የሄዱት ኢትዮጵያውያን የገቡት «ልንኖር ነው» ብለው ነው። ጀርመን ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎቿ ሥራ የሚፈልጉበት 18 ወር ትሰጣለች። አውስትራሊያ ደግሞ ተማሪው ጊዜያዊ እንግዳ ብቻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ትጠይቅ የነበረውን በማርች 2024 ትታ፣ እውነተኛ ተማሪ መሆኑን እንዲያሳይ ወደሚጠይቅ መመዘኛ ተሸጋግራለች። ደንብ ይቀያየራልና እያንዳንዱን ከኤምባሲው ወይም ከመንግሥቱ ድረ ገጽ አረጋግጡ። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ውሸት ብቸኛው መንገድ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ደንቡን ራሳችን ስላላነበብነው ነው።

ልብስ? ልብ ይለወጣል። በአገራችንም ይህ ታይቷል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ውጭ ተልከው የተማሩ ወጣቶች ተመልሰው አገር ማገልገል ጀምረው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ብዙዎቹ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በንጉሡ ዘመን የሄዱትም በአመዛኙ ይመለሱ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሊመለሱ ወጥተው የቀይ ሽብርን ወሬ ሰምተው የቀሩ ብዙ ናቸው። እነዚህን ውሸታሞች አንላቸውም። ሲወጡ የተናገሩት እውነት ነበር፤ የተለወጠው አገሩ ነው። በመንገድ ላይ የተለወጠ ኒያና ገና ከመነሻው የሐሰት የነበረ ኒያ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሰው ልጅ ባሕርይ ነው፤ ሁለተኛው ማታለል ነው።

ከመነሻው የተዋሸ ጉዞ ደግሞ በአንድ ውሸት አያበቃም። ትምህርቱን የተወ ሰው ፈቃዱን ያጣል። ፈቃዱን ያጣ ሰው ወረቀት ፍለጋ ያልደረሰበትን ስቃይ ደርሶብኛል ብሎ ይመሰክራል፣ ወይም ኒካሕን የሚያህል ነገር ለወረቀት ያስራል። እሱም ባይሳካ ዓመታት ይቆጠራሉ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስልክ ይደወላል፤ እናት ሞተዋል። ወረቀት ያለው ወንድሙ ትኬት ይቆርጣል። እሱ ግን ከወጣ አይገባም፤ የእናቱን ጀናዛ በስልክ ቪዲዮ ያያል። በዚያች ሌሊት ደላላውም፣ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ያሉት ጓደኞቹም አጠገቡ የሉም።

እናትን ካነሳን ወደ ሁለተኛው በር እንሂድ። አንድ ሰው ከየመን ተሰዶ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ወላጆቹ እዚያ እንዳሉ ሲነግራቸው ፈቅደውለት እንደሆነ ጠየቁት፤ እንዳልፈቀዱለት ሲያውቁ ተመልሶ እንዲያስፈቅዳቸው አዘዙት። ወደ እሳቸው የተሰደደን ሰው ነው የመለሱት! ታዲያ «ሁለት ዓመት ተምሬ እመጣለሁ» ተብላ የፈቀደች እናት የፈቀደችው ሁለት ዓመቱን ነው። ለጓደኞቻችሁ «አልመለስም» እያላችሁ ለእሷ «ቶሎ እመጣለሁ» ካላችሁ፣ የእሷን ፈቃድ ይዘናል አትበሉ። አምኗችሁ ሳይታወቅበት የሚቀር መኮንን ይኖራል፤ እናት ግን በር በሩን እያየች ዓመት ትቆጥራለች።

ገንዘቡም አለ። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ለከተማ መስፋፋት የእርሻ መሬታቸው ተወስዶ ካሳ የተከፈላቸው አባቶች አሉ። ያ ካሳ የቤተሰቡ የመጨረሻ መሬት ነው፤ ዳግም አይታረስም። እሱን በሙሉ ለአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያ ሲያውሉት የሌሎቹ ልጆች ድርሻም አብሮ ይሳፈራል። ለአንዱ ልጃቸው ብቻ ስጦታ ሊሰጡ የመጡትን የኑዕማን ኢብኑ በሺርን አባት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ለሌሎቹስ?» በሚል መንፈስ ጠይቀው በልጆቻቸው መካከል እንዲያስተካክሉ አዘዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ተቀመጡ፤ ታናናሾቻችሁም ይኑሩበት። ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነ ጻፉት፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚያዝ መሆኑን አትርሱ። ቪዛው ቢከለከልስ? ብትቀሩስ ማን ወላጆችን ይጦራል? ይህን ዛሬ መነጋገር ያሳፍራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በኩርፊያ መነጋገር ግን የበለጠ ያሳፍራል።

መቅረት ሁልጊዜ ክህደት፣ መመለስ ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም። በውጭ ሩጫ ስሙን የተከለው ቀነኒሳ በቀለ ሱሉልታ ላይ የአትሌቲክስ መለማመጃ ማዕከል ገንብቷል፤ ያገኙትን ወደ አገር ማምጣት ብዙ መልክ አለው። ከሩቅ ሆኖ ወላጁን የሚጦር፣ የሰፈሩን ልጆች የሚያስተምር አለ። ቤቱ ተቀምጦ እናቱን የማይጠይቅም አለ። የምትኖሩበት አገር ሳይሆን የሰጣችሁት ቃል ነው የሚከተላችሁ።

እንግዲህ ዕቅዳችሁን የምትፈትኑባት አንዲት መመዘኛ እንስጣችሁ። ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል እንበል፤ የኤምባሲው መኮንን፣ እናታችሁ፣ የፈረመላችሁ ዋስ ወይም ገንዘቡን ያወጣ ዘመድ። ለሦስቱም አንድ ጊዜ ብቻ ትናገራላችሁ፤ ሦስቱም ይሰማሉ። ዕቅዳችሁን አንዳች ሳትቀንሱ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ? ከቻላችሁ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ ሂዱ። «ይህቺን እሷ ፊት አልናገርም፣ ያቺን እሱ ፊት አልናገርም» ካላችሁ፣ ያልተናገራችኋት ነገር ፈቃድ የላትም ማለት ነው። አራተኛው ሰሚ ደግሞ በማንኛውም ክፍል ውስጥ አለ፤ ሱብሐነሁ ወተዓላ።

ግማሽ ልባችሁ ለመመለስ፣ ግማሹ ለመቅረት ከሆነስ? ብዙዎቻችሁ እዚህ ናችሁ። ዛሬ ከዐስር በኋላ ወረቀት አውጡና መጀመሪያ የመመለሻ ዕቅዳችሁን ጻፉ። በዚህ ትምህርት አገር ቤት የት እሠራለሁ? ምን ልጀምር እችላለሁ? ማን ይጠብቀኛል? ለመኮንኑ ብላችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ ጻፉት። አንድም መስመር መጻፍ ካቃታችሁ «እመለሳለሁ» የምትሉት ገና እውነት አልሆነም፤ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ሥሩበት፣ ወይም ሌላ በር ፈልጉ። ከዚያ ወላጆቻችሁ ፊት አንብቡት። ከዚያ ኢስቲኻራ ስገዱ። ኢስቲኻራ ደግሞ ኸይር ከሆነ እንዲያገራልን፣ ካልሆነም እንዲመልስብን መለመን ነውና፣ መከልከልንም እንደ መልስ ለመቀበል ተዘጋጁ።

አላህ የሚሄደውን በሐላል የሚያስገባ፣ የሚቀረውን በሐላል የሚያኖር፣ የሚመለሰውንም ወላጆቹን በሕይወት የሚያገኝ ያድርገን። አሚን። በሱረቱል ከህፍና በሶለዋት ቀናችሁን አሳምሩት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።